የስቴት ደሊጌት ቢሮ ሪቪው (ሜሪላንድ)፦ ነጻ ነው፣ ይሠራል፣ ግን በሩን ለዩ

4 ኮከብ ከ5

ሰዉ ሬስቶራንት ሪቪው ያደርጋል፣ ጋራዥ ሪቪው ያደርጋል፣ ታክስ የሚሠራለትን ሰውዬ ሳይቀር ኮከብ ይሰጠዋል፣ በከፈልነው ታክስ የሚንቀሳቀሰውን የተወካይ ቢሮ ግን ሪቪው ያደረገ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። በቃ እኔ ልጀምረው። የማወራው ስለ ስቴት ሕግ አውጪዎች ነው፣ አናፖሊስ የሚሰበሰቡት ደሊጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) እና ሴናተሮች ማለቴ ነው፣ ዋሽንግተን ካፒቶል ሂል ያሉት አይደሉም፣ ይሄን ነገር ደጋግሜ ባነሳው እንዳትሰለቹኝ ምክንያቱም የብዙ ሰው ብስጭት የሚጀምረው እዚች ጋር ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም ዲስትሪክቱ ውስጥ ካልኖራችሁ አይጠቅማችሁም፣ ደውላችሁ አድራሻችሁን ሲሰሙ ወደ ራሳችሁ ተወካይ ነው የሚመልሷችሁ።

ሜሪላንድ 47 ዲስትሪክት አላት፣ እያንዳንዱ አንድ ሴናተር እና ሦስት ደሊጌት ይልካል፣ ሲደመር 47 ሴናተርና 141 ደሊጌት ይሆናል፣ ሁሉም የሚመረጡት ለ4 ዓመት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላለን ሰዎች ሦስቱም ደሊጌቶች የዲስትሪክቱ ሁሉ ተወካይ ስለሆኑ አንድ ሰው በስቴት ደረጃ አራት ተወካይ አለው ማለት ነው። የጄኔራል አሴምብሊው (የስቴቱ ምክር ቤት ማለት ነው) ዌብሳይት ላይ የቤት አድራሻችሁን ስታስገቡ ስማቸውንም ስልካቸውንም ያወጣላችኋል። ሥራቸው ዓመቱን ሙሉ አናፖሊስ መቀመጥ አይደለም፣ ጉባኤው ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈትና በ90 ቀን ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ጠበቃ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ። ቢሮው ግን ዓመቱን ሙሉ ስልክ ያነሳል፣ የሚያነሳው ደግሞ ደሊጌቷ ራሷ ሳትሆን ስታፏ ናት፣ እውነቱን ለመናገር የኔ ኮከቦች በአብዛኛው ለዛች ስታፍ ናቸው።

አሁን በሩን ስለመለየት። ጎረቤቴ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ አንድ ቀን አስቆሙኝና "ልጄ፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ቪዛዋ ዘግይቷል፣ ለሴናተሩ አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ" አሉኝ። "የትኛው ሴናተር ጋሼ?" ስላቸው "ሴናተር ደግሞ ስንት ዓይነት ነው?" ብለው ገላመጡኝ። ሁለት ዓይነት ነው እኮ! የስቴት ሴናተር ቪዛ ላይ፣ ግሪን ካርድ ላይ፣ ፓስፖርት ላይ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ፣ አይአርኤስ ላይ ምንም እጅ የለውም፣ ያ ሁሉ የፌዴራል ስለሆነ የሚኬደው ወደ ዩኤስ ሴናተሮቹ ወይም ወደ ኮንግረስ ተወካዩ ቢሮ ነው። የስቴቶቹ የሚረዱት በስቴት ጉዳይ ነው፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሜዲኬይድ፣ አንኢምፕሎይመንት፣ የስቴት ታክስ፣ የሙያ ላይሰንስ ምናምን። ቆሻሻ አልተነሳልኝም፣ የዞኒንግ ጉዳይ፣ የሰፈር ውስጥ መንገድ ከሆነ ደግሞ ካውንቲ ነው። ይሄ ራሱ ግን ያጭበረብራል፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ጉድጓድ የስቴት ነው ምክንያቱም መንገዱ የስቴት መንገድ ነው፣ ከዛ ታጥፋችሁ የምትገቡበት ትንሹ መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን የካውንቲ ነው፣ ጎማችሁን የቀደደው የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ደውሉ እንግዲህ። ጋሼን ወደ ኮንግረስ ቢሮው ላክኋቸው፣ እዛ ያሉት ፎርም አስሞልተው ጉዳዩን ተቀበሏቸው፣ የዛ ቢሮ ሪቪው ግን የሳቸው ነው፣ እኔ አልጽፍላቸውም።

የኛ ጉዳይ እንዲህ ነበር። ታናሽ እህቴ የነርሲንግ ረዳት ናት፣ ሰርተፊኬቷን በጊዜው ለማሳደስ አመለከተች፣ ከፈለች፣ ከዛ ጸጥ። ጉዳዩን የያዘው መስሪያ ቤት ስልክ አያነሳም፣ ኢሜይል ሲላክለት "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል አውቶማቲክ መልስ ብቻ ይልካል፣ ኦንላይን ሲታይ "ፔንዲንግ" ይላል፣ የድሮው ሰርተፊኬት ቀን ሊያልፍ ደርሷል፣ አሠሪዋ ደግሞ ቀኑ ካለፈ ሺፍት አልሰጥሽም ብሏታል። ለደሊጌትሽ ጻፊ ስላት "እሷ ሕግ ታወጣለች እንጂ የኔን ወረቀት ምን ታደርግልኛለች?" አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ አልፈርድባትም፣ እኛ አገር እንደራሴ ማለት ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣ ሰው ነው ብለን ነው ያደግነው።

ኢሜይሉን አብረን ጻፍነው፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልዘግይ ምክንያቱም ልዩነቱን ያመጣው አጻጻፉ ይመስለኛል። ርዕሱ ላይ "የዲስትሪክቱ ነዋሪ፣ የሰርተፊኬት እድሳት መዘግየት" ብለን ጉዳዩንና የቀኑን አጣዳፊነት አስቀመጥን። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሙሉ ስሟና አድራሻዋ ከነዚፕ ኮዱ፣ እንደዛ ሲሆን ነዋሪ መሆኗን ለማጣራት ጊዜ አያባክኑም። ከዛ የማመልከቻ ቁጥሩ፣ ያመለከተችበት ቀን፣ የከፈለችበት ደረሰኝ፣ "ፔንዲንግ" የሚለው ገጽ ስክሪንሾት፣ እና መቼ ደውላ መቼ ጽፋ ምን እንደተባለች በአጭር በአጭሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ማመልከቻዬ የት እንደደረሰና ምን እንደጎደለው ጠይቁልኝ። እህቴ መጀመሪያ የጻፈችው ሁለት ገጽ ሙሉ ምሬት ነበር፣ ልጆቿም የቤት ኪራዩም ገብተውበት፣ እሱን ቆረጥንና አንድ ዓረፍተ ነገር ተውን፣ ይሄ ወረቀት ካልመጣ ሥራዋን እንደምታጣ የሚለውን። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ኢሜይል ላይ አልጻፍንም፣ እናንተም እንዳትጽፉ።

በማግስቱ ስታፏ ራሷ ደወለች። አውቶማቲክ አይደለም፣ ሰው! መረጃሽን ከመስሪያ ቤቱ ጋር እንድነጋገርበት የፈቃድ ፎርም ፈርሚልኝ አለች፣ የሰው የግል ፋይል ስለሆነ ያለፈቃድ መጠየቅ አይቻልም። ፎርሙን በስልኳ ፈርማ መለሰችላት። ከዛ ስታፏ የነገረችን ነገር በጣም ደስ አለኝ፣ ያልሆነ ተስፋ አልሰጠችንም፣ "ስጡ ብለን ማዘዝ አንችልም፣ የማመልከቻ መስፈርት ካልተሟላ እኛ አናሟላውም፣ ወረፋም አናዘልልም፣ የምንችለው የሚመለከተው ሰው ፋይሉን ከፍቶ እንዲያየው ማድረግ ነው" አለች። ለካ እያንዳንዱ የስቴት መስሪያ ቤት ውስጥ ከሕግ አውጪዎቹ ጋር የሚገናኝ የተመደበ ሰው አለ፣ እኛ ስንደውል የሚጮኸው ስልክ ሌላ፣ እሷ ስትጽፍ የሚደርሰው ሰው ሌላ። ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ፣ የሥልጠና ማረጋገጫ ሰነድ አንድ ገጽ ሳይጫን ቀርቶ ፋይሉ እዛው ተቀምጦ ነበር፣ ለእህቴ ይሄን የሚል መልእክት ማንም አልላከላትም። ገጹን ላከች፣ ሰርተፊኬቱ ታደሰ። እህቴ ዳቦ ጋግራ ልትወስድላት ተነስታ ነበር፣ ስታፏ እየሳቀች "የሥነ ምግባር ሕግ አለብን፣ የምስጋና ኢሜይል ይበቃል" አለቻት። ዳቦውን እኛ በላነው።

እስከዚህ ድረስ ካነበባችሁ "እሺ ይሄ የጉዳይ አስፈጻሚ ሥራ ነው፣ ሕግ አውጪነቱስ?" ትሉ ይሆናል። እኔም የገባኝ በኋላ ነው፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። እህቴ ስታመሰግናት ስታፏ "ስለዚህ ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን፣ ተመሳሳይ ኬዝ ሌሎችም አሉን" አለቻት። እነዚህ ኬዞች ተሰብስበው የት ይሄዳሉ? በጉባኤው ሰሞን እያንዳንዱ መስሪያ ቤት ባጀቱን ለማስጸደቅ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ ኃላፊው እዛ ተቀምጦ ነው "ለምንድነው ሰው ስልክ የማያነሳላቸው፣ ስንት ማመልከቻ ተከማችቷል" ተብሎ የሚጠየቀው። ጥያቄ ብቻም አይደለም፣ ባጀቱ ላይ "ይህን ያህሉ ገንዘብ ሪፖርት እስክታቀርቡ ድረስ አይለቀቅም" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ኦዲት የሚያደርግላቸውም የራሳቸው ቢሮ አለ። ሰዉ "ሕግ ያወጣሉ" ብቻ ሲል ይሄ የቁጥጥሩ ሥራ ይረሳል፣ ለኔ ግን ዋናው ይሄ ነው፣ የእህቴ አይነት ምሬት ተወካይ ጋር ካልደረሰ ኮሚቴው ላይ የሚጠይቀው ሰው በእጁ ምንም የለውም፣ መስሪያ ቤቱም "ሁሉም ደህና ነው" ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። ሐበሻ ደግሞ ሲበደል ለዘመድ ያማርራል፣ ለቡና ጓደኛ ያማርራል፣ ለተወካይ አይጽፍም።

ባጀቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ደረቅ ቢሆንም። ባጀት ማጽደቅ ለነሱ የግድ ነው፣ ሌላ ቢል (የሕግ ረቂቅ) ሁሉ ቢቀር ይሄ አይቀርም፣ የስቴቱ ሕገ መንግሥት እስከ 83ኛው ቀን ጨርሱ ይላቸዋል፣ ወጪውም ከገቢው መብለጥ የለበትም። ድሮ ገዥው ያመጣውን መቀነስ እንጂ መጨመር አይችሉም ነበር፣ በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ይሄን ቀየረው፣ ከ2024 የባጀት ዓመት ጀምሮ ከገዥው ጠቅላላ ድምር እስካላለፉ ድረስ ከአንዱ ቀንሰው ወደሌላው መጨመር ይችላሉ። ስለዚህ "ገንዘቡ የገዥው ነው፣ እኛ ምን እናድርግ" የሚል ደሊጌት ካጋጠማችሁ ያ መልስ ጊዜው አልፎበታል።

የቢል ክፍሉንም ሞክሬዋለሁ። ስለ ቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች የሚያወራ ረቂቅ ነበር፣ የእህቴ ጓደኞች ስለሚሠሩበት ገባሁበት። በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ይቀርባል፣ በ90 ቀን! ማንም ሰው ያንን ሁሉ አንብቦ ድምፅ አይሰጥም፣ ደሊጌቷ በደንብ የምታውቀው የራሷ ኮሚቴ ላይ ያለውን ነው፣ ለሌላው የፓርቲ ጓዶቿን፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን እና ስታፏን ታምናለች፣ ስለዚህ የእናንተ ቢል የሷ ኮሚቴ ውስጥ ካልሆነ ለሷም ጻፉላት ለኮሚቴው አባላትም ጻፉ። እያንዳንዱ ቢል ገጽ አለው፣ ገጹ ላይ "ፊስካል ኤንድ ፖሊሲ ኖት" የሚባል ሰነድ ታገኛላችሁ፣ ገለልተኛ ባለሙያዎች ናቸው የሚጽፉት፣ አሁን ያለው ሕግ ምን ይላል፣ ቢሉ ምን ይቀይራል፣ ስንት ብር ይፈጃል፣ ሁሉንም በግልጽ እንግሊዝኛ ያስቀምጣል። ቢሉን ራሱን ከማንበብ እሱን አንብቡ፣ ለሱ ብቻውን 5 ኮከብ እሰጣለሁ።

ምስክርነት ለመስጠት ኦንላይን አካውንት ተከፍቶ ነው የሚመዘገበው፣ ምዝገባው ከሂሪንጉ (ኮሚቴው ምስክር ከሚሰማበት ቀን) ቀደም ብሎ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው፣ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ያመልጣችኋል፣ አላርም ሙሉ። አራት ምርጫ አለ፣ ደግፌ፣ ተሻሽሎ እደግፋለሁ፣ ተቃውሜ፣ ወይም መረጃ ብቻ። በቃል ከሆነ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ሁለት ምናምን ነው፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ሲያወራ ሰብሳቢው "አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ" ብሎ መሃል ላይ ሲያቋርጠው ታያላችሁ፣ ስለዚህ "ክቡራን የኮሚቴው አባላት ሆይ" እያላችሁ መግቢያ አታብዙ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ አንድ በዓይናችሁ ያያችሁት ነገር፣ አለቀ። እኔ በጽሑፍ ነው የላክሁት፣ ያ ጽሑፍ የቢሉ ገጽ ላይ ለዓለም ሁሉ ስለሚለጠፍ ስልካችሁንና የቤት ቁጥራችሁን አታስገቡበት። ቢሉ ከኮሚቴ አልወጣም፣ ሞተ። ሜሪላንድ ውስጥ በጉባኤው መጨረሻ ያላለቀ ቢል ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ደስ የሚለው ግን ማን ምን እንዳደረገ ይታያል። ያለፈ ቢል ከሆነ ሦስተኛው ንባብ (የመጨረሻው ድምፅ መስጫ) ላይ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ከነስሙ ተመዝግቦ ገጹ ላይ አለ፣ ለማለፍ በደሊጌቶች በኩል 71፣ በሴናተሮች በኩል 24 ድምፅ ያስፈልጋል። ገዥው ቪቶ ካደረገው ደግሞ 85 እና 29 ካገኙ ይሽሩታል። እኔ የደሊጌቷን ፌስቡክ ማየት ትቼ ይሄን ነው የማየው፣ ምርቃት ላይ የተነሳችው ፎቶ ምንም አይነግረኝም።

አንዱ ኮከብ ለምን ቀነሰ? ጉባኤው ላይ ሳሉ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ቢሮው ይጨናነቃል፣ ሌላ ጊዜ ለጻፍኩት ጥያቄ መልሱ ቶሎ መጣ፣ ማርች ላይ የጻፍኩት ግን ጠፍቶ ኤፕሪል መጨረሻ ነው የተመለሰው፣ ስታፎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው ምን ያርጉ። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ቢል ያላትን አቋም ስጠይቅ የመጣልኝ "ሐሳብዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን" የሚል ደብዳቤ ነው፣ አዎ ወይም አይ የሚል ቃል የለበትም፣ ይሄ ያናድዳል። ሦስተኛው ቋንቋ ነው፣ ዲስትሪክቱ በሐበሻ የተሞላ ሆኖ ቢሮው ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው የለም፣ እናቴ ብቻዋን ብትደውል ኖሮ ጉዳዩ እዛው ይቀር ነበር።

ሌላ ተሞክሮ፦ ለአራቱም ተወካዮች አንድ ዓይነት ኢሜይል አትላኩ፣ አራት ስታፍ አንዱን መስሪያ ቤት በአንድ ጉዳይ ይጠይቁና ነገሩ ይተረማመሳል። አንዱን ምረጡ፣ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው። ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ዳኛ ጋር አይደውሉላችሁም፣ የሕግ ምክርም አይሰጡም።

ዲሲ የምትኖሩ፣ እናንተ የስቴት ሕግ አውጪ የላችሁም፣ 13 አባላት ያሉት የዲሲ ካውንስል ነው ያላችሁ፣ ጉዳያችሁን ወደዛ ውሰዱ። ቨርጂኒያ ያላችሁ 100 ደሊጌትና 40 ሴናተር አላችሁ፣ ደሊጌቶቹ በየ2 ዓመቱ ስለሚመረጡ ስልክ ቶሎ የሚያነሱ ይመስለኛል (የኔ ግምት ነው)። ቴክሳስ ያላችሁ ትንሽ ታገሱ፣ እዛ መደበኛው ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ነው፣ ለ140 ቀን። ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ ብቻ 400 ሰው ነው፣ ደሞዛቸው በዓመት 100 ዶላር፣ በነጻ እንደሚሠሩ ቁጠሩት።

ይሄን ሳልጽፍ ብወጣ ወላጆች ይቀየሙኛል፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሴናተሮችና ደሊጌቶች የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ቀልድ አይደለም፣ ለዲስትሪክታቸው ተማሪዎች የሚሰጡት የስቴት ገንዘብ በየዓመቱ ይመደብላቸዋል። አንዳንዴ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ ለመጽሐፍ ቢሆንስ ምን አለበት። ችግሩ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ፎርምና የራሱ የመጨረሻ ቀን አለው፣ አንዱ ድርሰት ይጠይቃል አንዱ አይጠይቅም፣ የሴናተሩና የደሊጌቶቹም ለየብቻ ነው የሚመለከተው። ልጃችሁ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ወይም ኮሌጅ ገብቶም ከሆነ አራቱም ቢሮ ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ቀኑን ጻፉት፣ ካላገኛችሁት ደውሉና ጠይቁ፣ ለዚህኛው ለአራቱም መላክ ይፈቀዳል።